መሳደብ የተውኩ ጊዜ

እኔ ተሳዳቢ ነኝ። በዚህ ዕድሜዬ እንኳ ሰልፍ ላይ ጣልቃ የሚገባብኝን ሰው ዝም ብዬ አላልፍም። የላስታ ሰው ረጋ ያለ ነው፣ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚናገረው ይባላል። እኔን ግን እናቴ "ይቺን ልጅ ስወልድ ቀድሞ የወጣው ምላሷ ነው" ትለኝ ነበር። አባቴ የላሊበላ ደብተራ ነበሩ፤ ስንት ጋኔን የገሠጹ ሰውዬ የእኔን አፍ መግታት አቅቷቸው "ልጄ፣ ትንሽ እንኳ ለነገ አስቀሪ" ይሉኝ ነበር። ይህን የምናገረው ለጉራ አይደለም። አፌ የጤናዬ ምልክት መሆኑን ያወቅኩት ዝም ያልኩ ጊዜ ስለሆነ ነው።

ጊዜው የደርግ ዘመን ነው፣ የሰባ ሰባቱ ድርቅ። ጤና ረዳት ነበርኩ። ከገነተ ማርያም ውቅር ቤተ ክርስቲያን በታች ሜዳው ላይ መጠለያ ተተክሎ ነበርና እዚያ መደቡኝ። ሥራዬ መለካት ነው። ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ እቆማለሁ፣ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ይሰለፋሉ፣ እኔ የእያንዳንዱን ልጅ ክንድ ቀለም ባለው መለኪያ ጥብጣብ እለካለሁ። ጥብጣቡ ቀዩ ላይ ከቆመ ልጁ በጣም ከስቷል ማለት ነውና ይገባል፤ እጁ ላይ ክር አስርለታለሁ፣ አጥሚት ይጠጣል። ቀዩን ካለፈ ግን ገና ትንሽ ሥጋ አለውና ይመለሳል። ሁሉን እንዳናስገባ እህሉ አይበቃም። ልጄ አልከሳልኝም ብላ እናት የምታለቅስበት አገር አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። ጥብጣቡን እንዳጠብቅላቸው ይለምኑኛል። "እባክሽ እቴ፣ ትንሽ ሳብ አድርጊው፣ አፈር ስሆን።"

አጥሚቱን የምታበስለው ከጋሸና መንገድ ዳር የመጣች ሙስሊም ሴት ነበረች። በዕድሜ ትበልጠኛለች፣ በነገር ግን እኩያሞች ነን። በየቀኑ ሳንጣላ አንውልም። ጠዋት በርሜሉ ላይ አጎንብሼ አያለሁ።

"አንቺ የጋሸና ነገረኛ! ይሄ አጥሚት ነው ወይስ የእግር እጣቢ?"

"የደብተራ ልጅ! ወፍራም ካማረሽ አባትሽ ይድገሙበት!"

"እጅሽ ይሰበር!"

"ወጌሻው አንቺ ካልሆንሽ ይሰበር!"

የተሰለፈው ሰው ይስቃል። ረሃብተኛ ይስቃል እንዴ? አዎ፣ ይስቃል። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ይስቁብን ነበር። ማታ ደግሞ እኔና እሷ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን እግራችንን እንታጠባለን፤ እሷ ጀርባዬን ታሽልኛለች፣ እኔ በጢስ የተቃጠለ ዓይኗ ውስጥ መድኃኒት እጨምርላታለሁ። እንዲህ ነበርን።

መቼ እንደጀመረኝ አላውቀውም። የሚመጣው ሰው እየበዛ ሲሄድ ነው መሰለኝ። ጎኔን ሳሳርፍ ዓይኔ አልከደንም ይላል፤ ጥብጣቡ እጄ ላይ ያለ ይመስለኛል። ከዚያ እህል አልወርድ አለኝ። ስጎርስ ከደጅ የመለስኳት ሴትዮ የምታየኝ ይመስለኝና ጉርሻውን መልሼ አስቀምጠዋለሁ። እጄን ታጥቤ ገና ሳላደርቀው ተመልሼ እታጠባለሁ። አንድ ቀን ደግሞ ከሬሳ ማቆያው ድንኳን አጠገብ ቆሜ ዕንባ እንዳልመጣልኝ አየሁ። "ጎሽ፣ ለመድኩት" አልኩ በሆዴ። ሞኝ!

ቁጣዬም ጠፋ። አጥሚቱ ሲቀጥን ይቀጥናል፣ ሰው ሲጋፋ ይጋፋል። ለሁሉም አንድ ዓይነት ድምፅ ወጣልኝ፤ ለስላሳ፣ ቀስ ያለ። ለምትገባዋም "እሺ የኔ እናት"፣ ለምትመለሰዋም "እሺ የኔ እናት"። ዛሬ ጡረታ ወጥቼ ጤና ጣቢያ ስሄድ ወጣቶቹ ነርሶች ሲነጫነጩ ስሰማ ደስ ይለኛል። የሚነጫነጭ ሰው ገና አለ። ሁሉን እሺ የምትለዋን ሳይ ነው ጠጋ ብዬ "ልጄ፣ ምሳ በልተሻል?" የምለው።

ታዲያ ጊዜው ሁዳዴ ነበር። እህል ሳይወርድልኝ ሲቀር ሰዉ "እንዴት አጥብቃ ትጾማለች!" አለ። ፋሲካ ሆኖ ዶሮ ሳላምረኝ ሲያልፍ "ስለት አለባት" አሉ። ለካ ስንት ዓይን እኔ ላይ ነበር! ከሥራ መልስ ሽቅብ ወጥቼ ገነተ ማርያም እገባለሁ፣ ከአንዱ ዓምድ ሥር ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ እቀመጣለሁ። እጸልይ ነበር ብላችሁ ነው? ምን ጸሎት! እዚያ ልጅ የሚያሳየኝ ሰው ስለሌለ ነው። ድንጋዩ ይበርዳል፣ ጸጥታ ነው፣ አንድም ክንድ የለም። ሰዉ ግን ከበሩ ላይ ያየኝና አንገቱን ነቅንቆ ይመለሳል።

በእኛ አገር ያልበላ፣ ያልተኛ፣ ከሰው የሸሸና ዝም ያለ ሰው ሁለት ነው፤ ወይ ታሟል፣ ወይ በቅቷል። ድንጋዩ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን በሆነበት በላሊበላ ደግሞ ሰዉ መታመምን ከማሰቡ በፊት መብቃትን ያስባል። ያቺ አፈኛ፣ ያቺ ተሳዳቢ፣ እንዲህ እንደ በግ ስትሆን እግዚአብሔር ካልጎበኛት በቀር ምን ያደርጋታል? አለ ሰዉ። አንድ ቀን አንዲት አሮጊት፣ እናቴን የሚያክሉ፣ ሰልፉን ትተው መጥተው ትከሻዬን ሳሙና "በጸሎትዎ ያስቡኝ" አሉኝ። አንቱ አሉኝ! የድሮዋ እኔ ብሆን "ኧረ ይተዉ እማማ፣ ምን ሆነዋል!" ብዬ እጮህ ነበር። "እሺ የኔ እናት" አልኳቸው። ከዚያ ወዲያ እጄን የማይስም ጠፋ።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ነው ያ ልጅ የመጣው።

ጠዋት ነው። አንዲት ወጣት እናት ከሙጃ በኩል በእግሯ መጥታ ተራዋ ደረሰ። ልጁን ከጀርባዋ አውርዳ ሰጠችኝ። ክንዱን ያዝኩ፣ ጥብጣቡን ጠመጠምኩ፣ ቀዩ ላይ ቆመ። "ይግባ፣ እሺ የኔ እናት" ብዬ ክሩን እጁ ላይ አሰርኩለት። እናትየው ጉልበቴን ሳመችው። አቅፋው ወደ በርሜሉ ሄደች። ቀጣዩን ልጅ ስለካ ከወደ ውስጥ ጩኸት ሰማሁ። የምግብ ሠሪዋ ድምፅ ነው።

"ኧረ በአላህ! ኧረ ይሄ ልጅ ሞቷል እኮ! በርዷል እኮ!"

ክንዱን የያዝኩት እኔ ነኝ። ቀዝቃዛ ነበር። ቀዝቃዛ መሆኑን እጄ ያውቃል፣ እኔ አላወቅኩም። ዘወር ብዬ አየሁ፤ እናትየው ክር የታሰረበትን እጅ ይዛ ቆማለች። እኔ ምንም አልተሰማኝም። ፊቴን መልሼ የሚቀጥለውን ልጅ ለካሁ። ከሰልፉ ውስጥ አንዷ "አውቃ ነው፣ ነፍሱ የሰማዩ ግብዣ መግባቷን አይታ ነው ክር ያሰረችለት" ስትል ሰማሁ፣ ሌሎቹም "እሰይ፣ እሰይ" አሉ። እናትየዋ እንኳ በዚያው ተጽናንታ መጥታ እጄን ሳመች። ወይ ጉድ! እጄን!

የዚያን ቀን ፍርሃት ያዘኝ። ምንም አለመሰማት ሲያስፈራ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ዛሬ የሞተውን አስገባሁ፤ ነገ ደግሞ ያልሞተውን ብመልስስ? አንድ ሰው ጥብጣቡን ይቀበለኝ አልኩ። ትንሽ ቀን ብቻ፣ እስክተኛ ድረስ ብቻ።

ወደ ኃላፊያችን ሄድኩ። ካኪ የሚለብስ፣ ከመሀል አገር የመጣ ካድሬ ነው፤ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ግን አፉ የስብሰባ አፍ ነው። "ጓድ፣ ደክሞኛል፣ ትንሽ ፈቃድ ይስጡኝ" አልኩት በዚያ በለስላሳ ድምፄ።

"ጓዲት፣ የሚደክመው ጠላት ነው" አለኝ። "ደከመኝ ያለ ሠራተኛ ለማን እንደሚመች ታውቂያለሽ። ደግሞ አንቺ! ሰዉ ሁሉ የሚያደንቅሽ!"

በሚቀጥለው ስብሰባ ኮከብ ሠራተኛ ብሎ ስሜን ጠራ። ተጨበጨበ። እኔም ከሰዉ ጋር ለራሴ አጨበጨብኩ።

ከዚያ የንስሐ አባቴ ዘንድ ወጣሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ የሚቆጡኝ፣ ለስድቤ ስንት ስግደት ያሸከሙኝ ሰው ናቸው። እሳቸው ያውቁኛል፣ እሳቸው "ምን ሆንሽ?" ይሉኛል ብዬ ነው።

"አባቴ፣ ልቤ ሞቷል" አልኳቸው። "ልጅ ሞቶ እንኳ አላወቅኩም። አላዝንም፣ አልቆጣም፣ አላለቅስም። ይርዱኝ።"

ዓይናቸው ዕንባ ሞላ። ደስ አለኝ፣ ሊያዝኑልኝ ነው ብዬ።

"ልጄ፣ ለዓለም መሞት ይህ ነው" አሉኝ። "አባቶቻችን በበረሃ ዘመናቸውን ሙሉ የለመኑትን አንቺ በዚህ ዕድሜሽ አገኘሽው። እኔ ኃጢአተኛው ምን እልሻለሁ? በጸሎትሽ አስቢኝ።"

አንዲት ስግደት እንኳ አላዘዙኝም። ጉድጓድ ውስጥ ወድቄ ስጮህ፣ ከአፋፉ ላይ ያለው ሰው "ድምፅሽ እንዴት ያምራል!" ያለኝ ያህል ሆነብኝ። ደግሞ እኮ በፍቅር ነው ያሉት። በማን ልናደድ? ንዴቱም የለኝ። መስቀላቸውን ተሳልሜ ቁልቁለቱን ወረድኩ።

በማግስቱ ምግብ ሠሪዋ ጭልፋዋን ይዛ በሩ ድረስ መጣች።

"የደብተራ ልጅ! ነይ እዪልኝ። አጥሚቱን ዛሬ ሆን ብዬ ነው ያቀጠንኩት። ነይ ስደቢኝ።"

ሄጄ አየሁት። እውነትም ውሃ ነው። "ደህና ነው እቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ" አልኳት።

"ሰነፍ ነኝ። ሌባ ነኝ። ዱቄቱን ለጋሸና ነጋዴ ሸጬዋለሁ!"

"ይቅር ይበልሽ።"

አባቴን ሰደበች። እናቴን ሰደበች። የላሊበላን ደብተራ በሙሉ፣ አንድም ሳታስቀር፣ ሰደበች። እኔ ፈገግ ብዬ ቆሜያለሁ። ጭልፋዋን መሬት ላይ ጣለችውና ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና ማልቀስ ጀመረች።

"ያ ረቢ! ሰዉ አንቺን ሲስም እኔ ከበርሜሉ ጀርባ ሆኜ አያለሁ። ወላሂ አንቺ ቅዱስ አይደለሽም! እኔ አውቅሻለሁ፤ አንቺ ክፉ ነሽ! ክፋትሽ የት ሄደ?"

"እንጃ" አልኳት። "እትዬ፣ እንጃ። እርጂኝ።"

እትዬ ብያት አላውቅም ነበር። ዕንባዋን በሻሿ ጠረገችና ቀጥ ብላ ኃላፊው ድንኳን ገባች። ደከማት አላለችም፤ ድካም እዚያ ቤት እንደማያዋጣ ታውቃለች። "ጓድ፣ ይቺ ልጅ ተስቦ ይዟታል። ቅማል ከላይዋ ሲወርድ አይቻለሁ" አለችው። በየመጠለያው ሰው የሚጨርሰው ተስቦ ነበርና ካድሬያችን ከወንበሩ ብድግ ብሎ እስከ ድንኳኑ ጥግ ሸሸ። ፈቃዱን ከሩቅ ነው ፈርሞ የወረወረልን። እህል አራግፎ የሚመለስ መኪና ላይ አሳፈረችኝና ለሾፌሩ "ከእናቴ ደጅ ሳታደርስ እንዳታወርዳት" አለችው። እኔን ደግሞ "አብሽሪ። ስድብሽን ይዘሽ ካልመጣሽ እንዳትመጪ" አለችኝ።

እናቷ ከጋሸና ወዲህ መንገድ ዳር የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ምን ሆንሽ አላሉኝም፣ መደቡን አሳዩኝ፣ ተኛሁ። ስነቃ ከክርስቲያን ጎረቤታቸው በተዋሱት ድስት ሽሮ ሠርተው አጠገቤ አስቀምጠዋል፤ ከሌላቸው ላይ ነው። ሲመሽ እንደገና ተኛሁ። ስሰነብት ደግሞ ሰፌድ ሰጡኝና "ምስር ልቀሚልኝ" አሉኝ። ስለቅም መዋል ሆነ ሥራዬ። ማንም እጄን አይስምም፣ ማንንም አልመልስም፣ ድንጋዩን ወዲያ፣ ምስሩን ወዲህ።

አንድ ቀን የለቀምኩትን ምስር ደጅ አስጥቼ ዞር ስል፣ የቀረቻቸው አንዲት ዶሮ ዘላ ሰፌዱ ላይ ወጣችና በእግሯ አፈር ላይ በተነችው።

"አንቺ የተረገምሽ!" ብዬ ተነሣሁ። "ጭልፊት ይንጠቅሽ! ወጥ ሆነሽ እንኳ የማትጣፍጪ! የማን ድካም መሰለሽ!"

አሮጊቷ ከቤት ወጡ። ዶሮዋን አይደለም ያዩት፣ እኔን ነው። "አልሐምዱሊላህ!" አሉና እልል አሉ። "ልጄ ተሳደበች!" እሳቸው እልል ሲሉ እኔ አፈሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ያን ልጅ፣ ያን ቀዝቃዛ ክንድ፣ ያኔ ነው ያለቀስኩት።

ደህና ስሆን ለልጃቸው በሶ ቋጥረው ሰጡኝና ተመለስኩ። መኪናው ላይ መንገዱን ሙሉ ስድብ ሳዘጋጅ ነው የመጣሁት። እንደዚያ ያለ ስድብ በሕይወቴ አሰናድቼ አላውቅም፤ ብቻዬን ስስቅ ሾፌሩ ዞሮ ያየኝ ነበር።

ስደርስ በሩ ላይ ያ ሰልፍ አለ። ከሰልፉ ፊት ጥብጣቡን ይዛ የቆመችው እሷ ናት። እኔ ስሄድ በቦታዬ ሌላ ሰው አልመጣም ነበር፤ ስለካ ስላየች ለእሷ ሰጧት። አጥሚቱን ሌላ ሴት ታማስላለች። እሷ ክንድ ትይዛለች፣ ታያለች፣ ራሷን ትነቀንቃለች፣ ክንድ ትይዛለች። ከስታ አንገቷ እንደ እሸት አገዳ ቀጥኗል። አንዲት ሴት እጇን ስማ ስታልፍ ጎረቤቷን "ወሊይ፣ የአላህ ወዳጅ ሆናለች አሉ፣ በረካዋ ይድረሰን" ስትል ሰማኋት። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እኩል ይስማታል።

ሰልፉን ጥሼ ፊቷ ቆምኩ። "አንቺ የጋሸና ነገረኛ!" ብዬ ጮህኩ። "እኔ ስሄድ ጥብጣብ ቀማሽኝ? አጥሚቱ ዛሬም የእግር እጣቢ ነው!"

አየችኝ። ፈገግ አለች።

"እሺ የኔ እናት" አለችኝ።

"እትዬ፣ እኔ ነኝ። ይሄ ከእናትሽ ነው" ብዬ በሶውን ሰጠኋት። "እሺ" ብላ ተቀበለችኝና ሳታየው አጠገቧ ለነበረችው ሴት አቀበለቻት። እኔን ያየችኝ እሷ ነበረች። እሷን ማን ይያት? እኔ እኮ ምስር እለቅም ነበር!

ጥብጣቡን ከእጇ ወሰድኩት። አልታገለችኝም። እጇ ክንድ እንደያዘ ሆኖ ቀረ። እሷን ይዤ ኃላፊው ድንኳን ገባሁና "ጓድ፣ ተስቦ ይዟታል" አልኩት።

አሁን አልሸሸም። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ እሷን አያት፣ እኔን አየኝ። ጺሙ አድጓል፣ ዓይኑ ቀልቷል፤ እሱን እስከዚያ ቀን ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም ነበር። ብዕሩን አነሣና ሲፈርም ቀስ ብሎ "እኔንስ መቼ ነው የሚይዘኝ?" አለ። ወረቀቱን ተቀብዬ ወጣሁ።

በዚያው መኪና፣ ለዚያው ሾፌር "ከእናቷ ደጅ ሳታደርስ እንዳታወርዳት" ብዬ ሰደድኳት። ጥብጣቡ እኔ ጋ ቀረ። ከዚያ ወዲያ መኪናው በመጣ ቁጥር ጥብጣቡን አንገቴ ላይ ጥዬ ሰልፉን ትቼ እሮጣለሁ።

"ተሳደበች?" እለዋለሁ ገና ሳይወርድ።

"ገና" ይለኛል።

"ትተኛለች?"

"ትተኛለች። ቀን ቀን ምስር ትለቅማለች።"

"ዶሮዋስ? ዶሮዋ አትበትንባትም?"

"ትበትንባታለች" አለኝ ሾፌሩ፣ ዓይኑን ወደ መኪናው ጎማ አድርጎ። "አሮጊቷ ሆን ብለው ይለቁባታል። ለዶሮዋም 'እሺ የኔ እናት' ትላታለች።"

ተመልሼ ሰልፉ ፊት ቆምኩ።